ወንዟ የከዳት ከተማ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ ዛሬ ብቻዬን ነኝ።

ከተማ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ጦርነት ወይም እሳት እንፈልጋለን። ሞምፖስን የጣላት ግን ደለል ነው። ከተማዋ በኮሎምቢያ፣ በማግዳሌና ወንዝ ዳር ናት፤ ስፔናውያን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቆረቆሯት። በዚያ ዘመን ከካሪቢያን ጠረፍ ወደ ቦጎታ የሚወጣው መንገድ ወንዙ ራሱ ነበር። ከካርታኼና ወደብ የመጣው ሸቀጥ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከመሀል አገር ወርቁ ቁልቁል ሲወርድ፣ ሁለቱም ሞምፖስ ላይ ያርፋሉ። ከወርቁ ጥቂቱ አንጥረኞቹ እጅ ቀረ መሰለኝ፤ ዛሬም እንደ ፀጉር ከቀጠነ የብር ክር ጌጥ ይፈትላሉ።

ከሁሉ የምወድላት አቀማመጧን ነው። በአንድ አደባባይ ዙሪያ አልተሰበሰበችም፤ ወንዙን ተከትላ ተዘረጋች። ዋና ጎዳናዎቿ ሦስት ናቸው፦ የወንዙ ግንብ ጎዳና፣ የመካከል ጎዳናና የኋላ ጎዳና። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ስም አላውቅም። በ1810 (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከስፔን ነጻ ነኝ ብላ አወጀች፤ የደቡብ አሜሪካ የነጻነት ታጋይ ሲሞን ቦሊቫርም ክብሬን ያገኘሁት ከሞምፖስ ነው ብሏል ይባላል።

ከዚያ ወንዙ ሐሳቡን ቀየረ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዋናው ውኃ ሎባ ወደሚባለው ሌላ ክንዱ አደላ፤ የሞምፖስ ክንድ በደለል ተሞላ፤ ትልልቅ መርከቦችም መግባት አቃታቸው። ንግዱ በሎባ ክንድ ዳር ወዳለችው ማጋንጌ ከተማ ሄደ። አዲስ ለመሥራት ገንዘብ ስላልነበረ አሮጌው ሳይፈርስ ቀረ፤ በ1995 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት።

ይህን ታሪክ ለእናቴ አጫውቻት ነበር። «ድህነት ውበቷን ጠበቀላት» አልኩ፣ በአባባሌ ረክቼ። እናቴ ቡናዋን አስቀመጠችና «ሰዎቹስ ምን በሉ?» አለችኝ።

አፈርኩ። ስለ ሰዎቹ አንድም ቃል አልተናገርኩም ነበር። ሸቀጡን ሽቅብ ያወጡት ቦጋ የሚባሉት ጀልባ ገፊዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ጥቁሮች፣ ነባር ሕዝቦችና ክልሶች። ረጅም ዘንግ ወንዙ ወለል ላይ ተክለው፣ በደረታቸው እየገፉ፣ በዚያ ሙቀትና ትንኝ ለሳምንታት ከጅረቱ ጋር ይታገላሉ። ሥራቸውን መጀመሪያ የእንፋሎት መርከብ ነጠቃቸው፤ መርከቡን ደግሞ ወንዙ ከከተማዋ ነጠቀ። ነጋዴ ሱቁን ጭኖ ይሄዳል። የዘንግ ገፊ ልጅ የሚጭነው ምን ነበረው?

በ2020 በሎባ ክንድ ላይ ከ2 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ድልድይ ተከፈተ፤ ወደ ሞምፖስ የሚሄድ መኪና ጀልባ መጠበቅ ቀረለት። ይህንንም ለእናቴ ነገርኳት።

«እሰይ» አለች። «ዘገዩ እንጂ።»