የከረረ ፈትልና ስማቸው ያልተጻፈ ፈታዮች

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ ሸማኔዎች፣ እናቶቼ፣ የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ተማሪዎች፤

ዛሬ በደብረ ማርቆስ የተሰበሰብነው የሸማ ዐውደ ርእይ ለመክፈት ቢሆንም፣ እኔ የመጣሁት ስለ ክር አከራረር ለመናገር ነው።

ክር ቀጥ ተደርጎ ሲያዝ ጥምዙ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በቤረኒኬ ወደብ ፍርስራሽ የተገኙ የሮማውያን ዘመን የጥጥ ጨርቆች ከሕንድ እንደመጡ ከታወቀባቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው፤ የጥንት ግብፃውያን ፈታዮች ክራቸውን የሚያከሩት በተቃራኒው አቅጣጫ ነበርና። የከረረ ክር ለአርኪዮሎጂ ባለሙያው የትውልድ አገር ምስክር ነው። ለፋሽን ባለሙያው ግን የከረረ ማለት የጨርቁ ጠባይ ነው፤ ክሬፕ የሚባለው ጨርቅ ሸካራ ገጹን የሚያገኘው እጅግ ከከረረ ክር ነው።

ሁለቱንም እናቶቻችን ያውቁታል። ፈታይዋ ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ እንዝርቱን በጭኗ ላይ ታሽከረክራለች፤ ከዚያ ክሩን ጥቂት ላላ ታደርገዋለች፤ በራሱ ላይ ከተጠቀለለ ከልክ በላይ ከርሯል። ድር የሸማኔውን ምት እንዲችል ይከራል፣ ማግ ግን ጋቢው እንዲሞቅ ለስለስ ይላል። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የመኪና ክር ቀርቦልናል፤ ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ነው፣ ማጉ ግን አሁንም ከእነዚህ እናቶች እጅ ይወጣል።

ታዲያ ስማቸው የት አለ? በአንድ የፋሽን ትርኢት ላይ ተገኝቼ ነበር። የዲዛይነሩ ስም ተጠራ፣ የሰፊው ተጠራ፣ ጌጡን ያቀረበው ሱቅ ሳይቀር ተመሰገነ። ማጉን ማን እንደፈተለው ስጠይቅ «ከገበያ ነው የተገዛው» ተባልሁ። ገበያ አይፈትልም! ከሺህ ዓመታት በፊት ስለሞተች ፈታይ እጅ አጋደል መጽሐፍ እየተጻፈ፣ በሕይወት ያለችው የጎጃም ፈታይ ስሟ በአንዲት ካርድ ላይ እንኳ አለመስፈሩ በደል ነው፤ በደል መሆኑንም እዚሁ በፊታችሁ እናገራለሁ።

ስለ ፈትል ዋጋ የሸማኔ ማኅበራት በሰፊው እንደሚነጋገሩበት አምናለሁ።

ተማሪዎች ሆይ፣ በዚህ አዳራሽ የተሰቀሉት ጋቢዎች ካርዳቸው «የጥጥ ጋቢ» ብቻ ይላል። ክሩ ወደየት እንዳጋደለ፣ ምን ያህል እንደከረረ፣ ማን እንደፈተለውና ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጻፉበት፤ እናቶቹ እዚሁ ስላሉ ጠይቋቸው።