የክረምቱ የክፍል እድሳት፦ ለአፀደ ሕፃናት መምህራን ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

የሥራ ሪፖርቱን ዋና ጸሐፊያችን ስለሚያቀርቡ፣ እኔ ይህን ጊዜ ክረምት በመጣ ቁጥር ለምናከናውነው ለክፍል እድሳት ላውለው እወዳለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ልጆቹ ቤታቸው ሲሆኑ አሮጌውን ቀለም አስፍቀን፣ ለመስከረም ደማቅ ቢጫና ቀይ እናስቀባለን። ለብዙ ዘመን ድምቀታቸውን ከእርሳስ ውህዶች ሲያገኙ የኖሩት ግን በተለይ እነዚሁ ቀለማት ናቸው።

በቋንቋችን መጻፊያውም ማዕድኑም «እርሳስ» ስለሚባሉ፣ ልጃቸው የእርሳሱን ጫፍ በማኘኩ ተጨንቀው የሚመጡ ወላጆች አሉ። በመጻፊያው ውስጥ ያለው ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ ማዕድኑ ነው። አሮጌ ቀለም ሲቀረፍና ሲፈረፈር ብናኙ ወለሉና መጫወቻው ላይ ያርፋል፤ ልጅ ደግሞ በነካበት እጁ አፉን ይነካል። የትንሽ ልጅ ሰውነት ከዋጠው እርሳስ የሚወስደው መጠን ከአዋቂው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ የብረት ወይም የካልሲየም እጥረት ያለበት ልጅ ከዚያም ይብስበታል። ወደ ደም የገባው እርሳስ በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል፣ አጥንት ውስጥም ለዓመታት ይከማቻል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት አያስከትልም የሚባል መጠን እንደማይታወቅ ገልጿል። ብዙውን ጊዜ ግልጽ ምልክት ስለማይታይ፣ መኖሩ የሚረጋገጠው በደም ምርመራ ነው። ትምህርት የማይገባውን ወይም አንድ ቦታ መቀመጥ ያቃተውን ልጅ «ሰነፍ»፣ «ረባሽ» ከማለታችን በፊት ይህን ልናስብ ይገባናል።

እኔ ራሴ ርእሰ መምህር ሳለሁ ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አስፍቄ፣ አቧራውን በመጥረጊያ አስጠርጌ፣ በማግስቱ ልጆቹን አስገብቻለሁ። ቀለሙ ምን እንደነበረበት አልጠየቅሁም፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ ቁጥር 429 መሠረት በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ ከ90 መብለጥ የለበትም። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ቀድሞ የተቀባውን ግድግዳ ግን አያጸዳልንም። ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ በዚህ ላይ ያተኩራል፤ ቀለም ስንገዛ የእርሳስ መጠኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከሻጩ እንድንጠይቅ፣ ያልተላጠውን ግድግዳ ሳንፍቅ በላዩ እንድናስቀባ፣ የተላጠውንም ውሃ እያርከፈከፍን ብቻ እንድናስፍቅ፣ ከዚያም ልጆች ሳይገቡ ወለሉንና መጫወቻውን በእርጥብ ጨርቅ እንድናስወለውል ይጠይቃል። ሠራተኞች፣ በተለይም ነፍሰ ጡሮች፣ በዚያ አቧራ ውስጥ እንዳይውሉም ያሳስባል። ከመክሰስ በፊት በሳሙና መታጠብን ሁላችሁም ታስተምራላችሁ፤ ውሃ በሚጠፋባቸው ቀናት ምን እንደምናደርግ ግን በግልጽ መነጋገር አለብን።

ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ከሻይ ዕረፍት በኋላ በበጀት ውይይቱ ይቀርባል። ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ።