እርሾ ለምን ይጓጉላል? ማይቶኮንድሪያስ ምን አገባው?

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በሙሉ ስለ እርሾ ናቸው። መጓጎል ማለት የእርሾ ሕዋሶች እርስ በርስ ተያይዘው መከማቸታቸው ነው፤ ማይቶኮንድሪያ ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ቢራ ጠመቃ ላይ ነው የምሠራው። እርሾውን ደጋግመን ስንጠቀምበት መጓጎሉን ይቀንሳል፤ ቢራውም ቶሎ አይጠራም። ባልደረባዬ «ማይቶኮንድሪያው ተበላሽቶ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ግን ቅድሚያ ስኳሩን እይ። በእርሾው ግድግዳ ላይ ፍሎ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። የጎረቤት ሕዋስ ግድግዳ ላይ ያለውን ማኖዝ የሚባል ስኳር ይይዛሉ። ያለ ካልሲየም ግን አይሆንላቸውም። በብዙ የቢራ እርሾዎች ላይ ደግሞ ግሉኮስና ማልቶስ ይህን መያያዝ ይከለክላሉ። ስለዚህ ስኳሩ ሳያልቅ መጓጎል አትጠብቅ።

ስኳሩ አልቆም ካልጓጎለ የባልደረባህን ነገር እናንሳ። በ1949 ፈረንሳይ ውስጥ ቦሪስ ኤፍሩሲና ባልደረቦቹ ፔቲት የተባሉትን፣ ትንንሽ ኮሎኒ (ሳህን ላይ አንድ ላይ ያደገ የሕዋስ ክምር) የሚሠሩ እርሾዎች ይፋ አደረጉ። እነዚህ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤያቸው የተጎዳ ወይም ጨርሶ የጠፋ ናቸው። በኦክስጅን መተንፈስ አይችሉም፤ ስኳር እያብላሉ ግን ይኖራሉ። አንዳንድ የቢራ እርሾ ፔቲት ሲሆን መጓጎሉ ይቀንሳል፤ ሌላው ላይ ለውጡ ብዙም አይታይም። ሳይመረመር ሁሉንም በማይቶኮንድሪያ ማላከክ ልክ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የፍሎ ዘረመሎች ያሉት ኒውክለስ (ዋናው ዲኤንኤ የሚቀመጥበት የሕዋሱ ክፍል) ውስጥ ነው። ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ከግድግዳው ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እኔን በጣም የሚገርመኝ ይኸው ነው። ማይቶኮንድሪያ ኃይል ብቻ አይደለም የሚሠራው። ቅባትም ይሠራል፤ አንዱ ካርዲዮሊፒን ነው። ፒጂኤስ1 የሚባለው ዘረመል ከሌለ እርሾው ካርዲዮሊፒንንም፣ ለእሱ መነሻ የሚሆነውን ቅባትም ማምረት አይችልም። ጉዳቱ ታዲያ ማይቶኮንድሪያው ላይ አይቆምም፤ ውጭ ድረስ ይዘልቃል። የእርሾን ግድግዳ እንደ ጭቃ ቤት ብታስበው፣ ቤታ-ግሉካን የሚባለው የስኳር ሰንሰለት ማገሩ ነው፤ ማኖፕሮቲን (ማኖዝ የተሸከመ ፕሮቲን) ደግሞ ከላይ የተለሰነው ጭቃ። ፒጂኤስ1 የሌለው እርሾ ማገሩ ይጎድላል፤ ግድግዳው ይሳሳል።

በዚያ ላይ ማይቶኮንድሪያው ሲታመም ለኒውክለሱ መልእክት ይልካል። ኒውክለሱም የብዙ ዘረመሎችን ሥራ ይቀይራል። ግድግዳው ከሕዋሱ ደረቅ ክብደት ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚይዝ ትልቅ ግንባታ ነው። ውስጡ ሲናጋ እሱ ሳይነካ ይቀራል ብሎ ማሰብ ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ እኔ ጠላ ጠማቂ ነኝ። አተላው ወደ ታች መውረዱ የእርሾው መጓጎል ነው?

መልስ፦ በከፊል ሊሆን ይችላል፣ እናታችን። ግን አተላው ውስጥ እህሉም ጌሾውም አለበት። በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ፔቲት መሆኑን እንዴት እናውቃለን?

መልስ፦ ከአንዱ ኮሎኒ ቆንጥራችሁ ግሉኮስ ያለበት ሳህን ላይም፣ ግሊሰሮል ብቻ ያለበት ሳህን ላይም ዝሩት። ግሊሰሮልን ለመጠቀም መተንፈስ ያስፈልጋል። ፔቲት ከሆነ በግሉኮሱ ያድጋል፤ በግሊሰሮሉ ግን አያድግም።

የጓጎለ የሚመስል እርሾ ካያችሁ ደግሞ ካልሲየሙን የሚነጥቅ ኢዲቲኤ ጨምሩና ናጡት። ከተበተነ የፍሎ መያያዝ ነው። ካልተበተነ ምናልባት ልጅ ሕዋሶቹ ከእናታቸው ሳይላቀቁ ቀርተው ይሆናል፤ ያ ሌላ ችግር ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ አድርጋችሁ ተያይዘው የቀሩ እንቡጦች እንዳሉ እዩ።