ውርጭ በሌለበት አገር ገና

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ? የዛሬው ወሬዬ ገናን ጁባ፣ ጂዳ ወይ ዱባይ ሆናችሁ ለምትጠብቁ የጎጃም ልጆች ነው።

እኛ አገር ታኅሣሥን ቀድሞ የሚያበስረው ብርዱ ነው። ከጮቄ የሚወርደው ንፋስ፣ ጠዋት ሣሩ ላይ የሚያብለጨልጨው ውርጭ፣ የጤፍ ውቂያው፣ ማታ እሳት ዳር መሰብሰቡ። ጁባ ግን በዚያው ሰሞን ቀን ቀን ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ኅዳር 15 ጾም የያዘ ሰው እንኳ በዓሉ መቃረቡ አይሰማውም። ግድግዳ ላይ መብራት በመስቀል ይህ አይመለስም ባይ ነኝ፤ የጎደለው ሽታው ነው። ሽታ ደግሞ በእጅ ይሠራል።

ከቅቤ ጀምሩ፤ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ። 1 ኪሎ ጨው የሌለበት ቅቤ በመለስተኛ እሳት አቅልጡ፣ ኮሰረት፣ ኮረሪማና አብሽ ጨምሩ፣ አረፋውን ግፈፉ። መንጠሩን በጆሮ ታውቁታላችሁ፤ መንጨርጨሩ ጸጥ ሲል ውሃው አልቋል። ውሃ ከቀረበት በሙቀት ይሻግታል። ኮሰረት ከሌላችሁ በመንገደኛ አስልኩ፣ ምትክ የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሊጡ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ 3 ቀን የሚቆየው ሊጥ እንደ ጁባ ባለ ሙቀት ውስጥ በአንድ ቀን ይደርሳል። እንደለመደው 3 ቀን ያቆየው ሰው ሆምጣጣ እንጀራ ይወጣለትና ጤፉን ይወቅሳል። ጤፉ ምን አደረገ? ለ1 ኪሎ ዱቄት 1 ሊትር ተኩል ያህል ውሃና ጥቂት እርሾ ይዛችሁ ታኅሣሥ 27 ማታ አቡኩ። በማግስቱ ማታ ከላይ የጠለለውን ውሃ ድፉና አንድ ኩባያ ሊጥ ሦስት ኩባያ የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰላችሁ ጨምሩ። አብሲቱ መጀመሪያ ቀጭን ነው፤ ከዚያ ማማሰያው ይከብዳል፣ ፊቱ ይወዛል፣ እንፋሎቱ የእናት ጓዳን ይሸታል። እዚያ ላይ ቆም በሉ፣ አትቸኩሉ። ለብ እስኪል አቀዝቅዛችሁ ወደ ሊጡ መልሱት። ትኩሱን ከደፋችሁት እርሾው ይሞታል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ኩፍ ሲል ጋግሩ።

ዶሮዋን ሳትቆረጥ ግዙ፣ 12 ብልት የሚወጣው ከሙሉ ዶሮ ነው። የበረዶ ቤት ዶሮ ሥጋው ስስ ስለሆነ ከሽንኩርቱ ጋር ረጅም ሰዓት ከቆየ ይፈራርሳል። 2 ኪሎ ሽንኩርቱንና በርበሬውን ሁለት ሦስት ሰዓት አብስሉና ዶሮዋን ለመጨረሻው 40 ደቂቃ ክተቱ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ኤሲ ከፍታችሁ፣ መስኮት ዘግታችሁ ከሰል እንዳታቀጣጥሉ። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሳይሸት ይገድላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ቁሉ፣ ዕጣኑንም ምድጃው ላይ ባጋላችሁት ብረት አጭሱ፤ መስኮቱን ግን ክፈቱ።

ልጆች ካሏችሁ ጫፉ የታጠፈ ዱላና ከጨርቅ የተጠቀለለ ሩር ስጧቸው። ፀሐይ ስትበርድ ደረቅ ሜዳ ፈልጉላቸው፣ አሸዋ ላይ ሩሩ አይንከባለልም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ማለትንም አስተምሯቸው።

ቀኑን ደግሞ አትሳቱ፤ በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ነው፣ ስለዚህ ቡኮውንም በአንድ ቀን ሳቡት። በፈረንጆቹ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው፣ ፈቃድ የምትጠይቁት በእሱ ነው።

ስልኩስ? ሌሊት አትደውሉ፣ እናቶች ቅዳሴ ላይ ናቸው። ዱባይ ከአገር ቤት አንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ ጁባ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናት፤ አስባችሁ ረፋድ ላይ ደውሉ። ሰላምታው ካለቀ በኋላም አትዝጉ። «እማዬ፣ ቡናው እስኪቆላ ስልኩን ከምጣዱ አጠገብ አስቀምጭልኝ» በሏት።