እታለም «ድምፄስ?» ስትለኝ

ባለፈው ስለ እታለም የእንቅርት ቀዶ ጥገና ሌላ አላወራም ብዬ ነበር። አልቻልኩም።

ያቺ ደቂቃ ናት የምትመላለስብኝ። ከቀዶ ጥገና ወጥታ፣ ገና ዓይኗን በቅጡ ሳትገልጥ፣ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ «እናቴ፣ እስኪ ስምዎን ይንገሩኝ» አላት። ዝም። ምራቋን ስትውጥ አንገቷ ላይ ያለው ፋሻ ከፍ ዝቅ አለ። የአልጋውን ብረት ጭብጥ አድርጌ ይዣለሁ። ከዚያ በሻከረ ድምፅ ስሟን ጠራች። አልሐምዱሊላህ! ሐኪሙ ፈገግ አለ። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ታውቋታላችሁ፤ መንዙማ ስታወጣ ሰው ስኒውን ይዞ ይቀራል። ከመፈረሟ በፊት የጠየቀችኝ «ድምፄስ?» ብቻ ነው። «ምንም አይሆንም» አልኳት። በምን አውቄ ነው ግን?

የድምፅ ነርቭ እኮ ከታይሮይድ ዕጢ፣ ሲያብጥ እንቅርት ከሚሆነው የአንገት ዕጢ፣ ኋላ ተጠግቶ ነው የሚያልፈው። ያነበብኩት በኋላ ነው። ድሮ እንቅርት የተቀደደ ሰው ብዙ ጊዜ አይተርፍም ነበር። ቴዎዶር ኮኸር የሚባል የስዊስ ሐኪም ቀስ ብሎ፣ ደሙን እያቆመ በመሥራት ሞቱን ከ1 በመቶ በታች አወረደው። በ1909 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመ። ዛሬ ደግሞ ነርቩን በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነኩ ደህንነቱን የሚከታተሉበት መሣሪያ አለ። እኛ ጋ ይኑር አይኑር እንኳ አልጠየቅኩም።

ጨውስ? ከአፍዴራ በደጃችን እያለፈ ይሄዳል። እንቅርትን የሚከላከለው አዮዲን ካልገባበት ግን ምን ይረባል? እናቶቻችን አንገታቸውን በሻሽ ሸፍነው ኖሩ፤ እኛም ጌጥ መሰለን። ይሄ ያናድደኛል።

ብቻ... እንቅርቱ ሲመረመር ውስጡ ካንሰር ተገኘ። እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄው ነው። ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ሐኪሙ አረጋጋን። ጃፓን ውስጥ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን ትንሽ ካንሰር ሳይቆርጡ የሚከታተሉ ሐኪሞች አሉ። ይሄን ሳነብ ደነገጥኩ፤ በከንቱ አስቆረጥኳት? የእሷ እንቅርት ግን ትንፋሽ እየከለከላት ነበር። እንቅልፍ አልነበራትም። ስለዚህ... እንጃ።

ዓርብ ቡና ላይ መንዙማ ጀመረች። ደስ አለኝ። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና ለልጇ ለቀቀችላት። ለቀጭኑ ድምፅ ሌላ ትንሽ ነርቭ አለ፤ እሱ ተነክቶ ይሆን? ወይስ ፈርታ ነው? ቀና ብላ አየችኝ። ልጠይቃት አፌን ስከፍት ጀበናውን አነሳች።