ቀርፋፋና ጨፍጋጋ ለየቅል ናቸው

እንደምን አመሻችሁ።

በቅድሚያ የዕረፍት ቀን ምሽታችሁን ለሬሳ፣ ለዝናብና ለበግ ስለሰዋችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናየው ድራማ ከእነዚህ ውጭ ብዙም የለውም። ከወዲሁ ብትዘጋጁ ይሻላል።

ድራማው «ሂንተርላንድ» ይባላል። የዌልስ የወንጀል ምርመራ ድራማ ነው። ኤድ ቶማስና ኤድ ታልፋን ናቸው የፈጠሩት። ኤስ ፎር ሲ በተባለው የዌልስኛ ቴሌቪዥን በጥቅምት 2013 ጀመረ። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እዚሁ ልገላገለው።) በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ቢቢሲ ዋን ዌልስ አሳየው፣ ቀጥሎ ቢቢሲ ፎር። ሦስት ምዕራፍ ዘልቋል። አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል።

አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ተመልካች ስለዚህ ድራማ ምን እንደሚል እንዳወራ ነው። የሚለው ብዙ ነው። ግማሹ አምርሮ ይወደዋል፣ ግማሹ አምርሮ ይጠላዋል። የሚጠሉት፣ መርማሪው ማትያስ መኪናውን አቁሞ በሩን እስኪያንኳኳ ሻይ አፍልቶ መመለስ ይቻላል ይላሉ። ሰው አይስቅም ይላሉ። ንግግሩ ጉምጉምታ ነው፣ ቤቱ ሁሉ ጨለማ ነው ይላሉ። ስለ ቤቱ እንኳ እውነታቸውን ነው። እኒያ ፖሊሶች አንድ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያወጡት ባትሪ ነው፣ ግድግዳው ላይ ማብሪያ ማጥፊያ እያለ! የሚወዱት ደግሞ መልክዓ ምድሩን፣ ዝምታውንና ትወናውን ያነሳሉ። ተራራው ራሱ ተዋናይ ነው ማለት ይወዳሉ። ይቺን አባባል ስለ ስንት ድራማ እንደሰማኋት አልቆጥርም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ወዳጁም ጠላቱም ሁለት ነገር አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው የሚፈርደው። ድራማው ቀርፋፋ ነው። ድራማው ጨፍጋጋ ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። እኔ ለዝግታው ጥብቅና እቆማለሁ። ለጭፍግግታው ግን አልቆምም።

ከዝግታው ልጀምር። የመጀመሪያውን ክፍል እንውሰድ፣ ለማንኛውም አሁን የምናየው እሱን ነው። መርማሪ ቶም ማትያስ፣ ማለትም ሪቻርድ ሃሪንግተን፣ ለአካባቢው አዲስ ነው። አንድ ቤት ይጠራል። መታጠቢያ ቤቱ በደም ተነክሯል። ሬሳ ግን የለም። ሌላ ድራማ ቢሆን እዚህ ላይ ስልክ ይጮሃል፣ መኪና ይበራል፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ባለሙያ ስለ ደም ጠብታ ማብራሪያ ይሰጣል። ማትያስ ግን ቆሞ ያያል። ዕቃውን ያያል፣ ፎቶውን ያያል። የሴትዮዋ ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ከቤቷ ላይ ያነባል፣ እኛም አብረነው እናነባለን። ያቺን ሴት አንዴም በሕይወት ሳናያት እናውቃታለን። ይህ የዝግታው ሥራ ነው።

ከዚያ መንገዱ ወደ ዴቭልስ ብሪጅ ይወስደናል። የሰይጣን ድልድይ ማለት ነው። ድራማው ከሚካሄድባት ከአበሪስትዊዝ ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እውነተኛ ቦታ ነው፣ አሁንም አለ። አንድ ጥልቅ ገደል ላይ ሦስት ድልድዮች አንዱ በአንዱ ራስ ላይ ተሠርተዋል። ከታች ያለው የመካከለኛው ዘመን ነው። በላዩ በ1753 ሌላ ሠሩ፣ በዚያ ላይ ደግሞ በ1901 ሌላ። አሮጌውን ያፈረሰው የለም። አፈ ታሪኩም አለ። ሰይጣን ለአንዲት አሮጊት ድልድይ ሊሠራላት ይስማማል፣ ዋጋው መጀመሪያ የተሻገረው ነፍስ ነው። እሷም ዳቦ ወርውራ ውሻዋን አሻገረችና አረፈችው። ስለዚያች አሮጊት ለብቻው ድራማ ቢሠራ ደስ ይለኝ ነበር።

ታሪኩ ከዚህ ገደል ጫፍ ላይ ከነበረ የሕፃናት ማሳደጊያ ጋር ይያያዛል። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ያላየ አለ። የማልሰውረው ግን በዚህ ድራማ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰው የሚሞተው ትናንት በተጣላው ሰው እጅ አለመሆኑን ነው። ነገሩ ሃያና ሠላሳ ዓመት የቆየ ነው። መሬት ነው፣ ልጅ ነው፣ አንድ ቤት ውስጥ ተዳፍኖ የቀረ ነውር ነው። እሑድ እሑድ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ሰዎች ናቸው። እኛ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የምንለው ዓይነት። እንዲህ ያለ ቂም በጥድፊያ ሲነገር ውሃ አያነሳም። ለሠላሳ ዓመት አጥር ተጋርቶ አሥር ቃል ያልተናገረ ገበሬ፣ ፖሊስ ስለመጣ ብቻ በአንድ ደቂቃ ሁሉን ዘክዝኮ ቢናገር ማን ያምነዋል? ካሜራው ፊቱ ላይ መቆየት አለበት። ሰውየው መጀመሪያ ስለ በጎቹ ማውራት አለበት።

ደግሞ እስቲ እውነቱን እናውራ። ከመካከላችን በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ያልተከታተለ አለ? አንድ ወንድና አንዲት ሴት ደረጃ ላይ ተገናኝተው ሙዚቃው እስኪያልቅ ሲተያዩ ማንም ቀረፈፈ አላለም። ስለዚህ ዝግታ ብቻውን ችግራችን አይመስለኝም።

ችግሩ ጭፍግግታው ነው። ማትያስ ልጅ የሞተበት ሰው ነው። ባሕር ዳር በቆመ ካራቫን፣ በመኪና በሚጎተት ቤት፣ ውስጥ ብቻውን ይኖራል፣ በገደሉ ጫፍ ይሮጣል። ቢያዝን አይፈረድበትም። ግን ከተማው ሁሉ ምን ነክቶት ነው? የፖሊስ ጣቢያው ሰዎች እንኳ በአንድ ቀልድ አይላከፉም። ሬሳ ሲያነሳ የሚውል ሰው ደግሞ እንደሚቀልድ የታወቀ ነው፣ ያለዚያ እንዴት ያድራል?

አበሪስትዊዝ እንዲህ ያለ ከተማ አይደለም። ከ1872 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እዚያው ኮረብታ ላይ ነው። የባሕር ዳር መዝናኛ ናት፣ ተማሪ ይርመሰመስባታል። የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ የሚሄደው መንገድ መጨረሻ ላይ፣ ከኮረብታው ግርጌ፣ የብረት አጥር አለ። እዚያ የደረሰ እግረኛ ብረቱን በእግሩ መታ አድርጎ ነው የሚመለሰው። ለምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ አታገኙም። ተማሪውም ሽማግሌውም ይመታል። ወደ ዴቭልስ ብሪጅም ከከተማው የሚነሳ ትንሽ የእንፋሎት ባቡር አለ። ከ1902 ጀምሮ ይሠራል፣ በበጋ ቤተሰብ ጭኖ ይወጣል። ድራማው ይህን ሁሉ ጠርጎ አውጥቶ ባዶ መንገድ አስቀረልን። እንደ አውቆ ድብርት ነው።

ምክንያቱ አይጠፋኝም። ያኔ የስካንዲኔቪያ የወንጀል ድራማ ገበያ ላይ ነበር። ጨለማ፣ ብርድና ዝምታ ይሸጥ ነበር። የዴንማርኩ ዲ አር ቴሌቪዥን እንኳ ይህን ድራማ በዌልስ ሳይታይ ነው የገዛው። ለስንት ጊዜ ራሳቸው ሲሸጡ የቆዩትን ድብርት ከሌላ ሰው ገዙ! ለጠንቃቃ ነጋዴ ጥሩ ነው። ለድራማው ግን ዋጋ አስከፍሎታል፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ግራጫ ሲሆን ሐዘኑ ራሱ ይደበዝዛል።

ከዚህ የምትተርፈው የማትያስ ባልደረባ፣ መርማሪ ማሬድ ሪስ ናት። ተዋናይቷ ማሊ ሃሪስ ትባላለች። የአገሩ ልጅ ናት፣ ሴት ልጅ ታሳድጋለች። ማትያስ አንድ ቤት ሲገባ ሰዉ ይቆለፋል። እሷ ስትገባ ወንበር ይሳባል። አነጋገሯን፣ ዝም የምትልበትን ጊዜ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። እኔን የሚጠይቀኝ ቢኖር ድራማው የእሷ መሆን ነበረበት።

አሁን አስተያየቱን ሁሉ የሚያወሳስበው ነገር ላይ ደረስኩ። ይህ ድራማ ሁለት ጊዜ ነው የተቀረጸው። ትዕይንቱ አንዴ በዌልስኛ ይሠራል፣ ከዚያ ያው ተዋንያን፣ እዚያው ቦታ፣ በእንግሊዝኛ ይደግሙታል። ዝናብ ላይ ቆሞ፣ ስለ ሞተ ልጅ አልቅሶ፣ እንባ ጠርጎ፣ እንደገና በሌላ ቋንቋ ማልቀስ! የኤስ ፎር ሲ ተመልካች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዌልስኛ ሰማ። የቢቢሲ ተመልካች ደግሞ እንግሊዝኛ ሰማ፣ አልፎ አልፎ የአገሩ ሰዎች እርስ በርስ በዌልስኛ ሲነጋገሩ ከሥር ጽሑፍ እያነበበ። በሁለተኛው ቅጂ ሰው ቋንቋ ሲቀይር አንዳች ነገር ይሰማሃል፣ በር የተዘጋብህ ይመስልሃል። በመጀመሪያው ይህ ስሜት የለም። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ስለ «ሂንተርላንድ» ሲከራከሩ፣ ያዩት ድራማ አንድ ላይሆን ይችላል።

ዌልስኛ ተናጋሪው የሚያየው ሌላም ነገር አለ። በ2021 ቆጠራ የዌልስ ዌልስኛ ተናጋሪ 538,000 ያህል ነው፣ ከመቶ 17.8። ጣቢያቸው እንኳ በነፃ አልመጣም። በ1980 የብሪታንያ የታቸር መንግሥት የዌልስኛ ጣቢያ ለመክፈት የገባውን ቃል ሲያጥፍ፣ ግዊንፎር ኢቫንስ የተባለው ፖለቲከኛ እስከ ሞት እጾማለሁ ብሎ ነው ቃሉን ያስመለሰው። ኤስ ፎር ሲ በኅዳር 1982 ተከፈተ። ከዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቶ በቋንቋቸው የተሠራ የግድያ ድራማ አገር ተሻግሮ ተሸጠ። ለእነሱ፣ ገበሬው ለምን አይስቅም የሚለው ጥያቄ ቀዳሚ ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ውጭ ሆኜ አያለሁና እጠይቃለሁ።

ዛሬ የምናየው የቢቢሲውን ቅጂ ነው። ዌልስኛው ሲመጣ ከሥር ጽሑፉን ተከታተሉ፣ ፈጠን ይላል። ሥዕሉ ጨለማ ስለሆነ የኋላውን መብራት ሳይቀር እናጠፋለን፤ ሻይ መቅዳት የፈለገ አሁን ይቅዳ። ገዳዩን ቀድሞ ያወቀ ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ ለጎረቤቱም ቢሆን በጆሮው እንዳይነግር። ከጨረስን በኋላ ማይክራፎኑ የእናንተ ነው፣ ለዝግታውም ጥብቅና አትቁም የሚለኝ ካለ ያኔ እንገጥማለን።