ግንቦት ላይ የተሰመረ መንገድ መስከረም ላይ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ እግረኛና ስለ ብስክሌተኛ ካርታ ነው፤ ከባሕር ዳር ሳንርቅ።

ለመኪና "መንገድ አለ" ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለብስክሌት ግን አይበቃም። አስፋልት ነው? ኮብልስቶን? ጠጠር? ወይስ ዋልካ? ዋልካ ዝናብ ሲጠጣ በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ይጠቀጠቅና ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ በትከሻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ኦፕንስትሪትማፕ (ማንም ሰው ሊያርመው የሚችል ነጻ የኢንተርኔት ካርታ) ላይ መስመር ስታሰምሩ የመሬቱን ዓይነት ሳትሞሉ አትውጡ። እኔ ከመንገዱ ስም እንኳ ይሄን አስቀድማለሁ።

ጣና ዳር ሲሆን ደግሞ ወሩም መታወቅ አለበት። ሐይቁ የሚጎድለው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፤ የሚሞላው መስከረምና ጥቅምት። ደንገሉን ታክኮ የሚሄደው መንገድ ግንቦት ላይ ደረቅ ነበር፣ መስከረም ላይ ውሃ ውስጥ ነው። ከሳተላይት ፎቶ ላይ መገልበጥም ከዚህ አያድንም፤ ክረምቱን ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ጥርት ያለው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የበጋ ነው። መንገዱ ሐይቁ ሲሞላ የሚዘጋ መሆኑን ምልክት አድርጉበት፣ ያያችሁበትን ወርም ጻፉ።

መንገዱን በስልካችሁ ጂፒኤስ ስትቀዱ፣ ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት ገላጣ ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ ቁሙ። ሜዳ ላይ የስልክ ጂፒኤስ ስህተቱ 5 ሜትር አካባቢ ነው። ዘጌ ቡናው ውስጥ ስትገቡ ግን ቅጠሉ ሲግናሉን ያዳክመዋል፣ መስመሩም ይወላገዳል። ያንኑ መንገድ ሁለት ሦስት ጊዜ ቅዱና መሃል ለመሃል አስምሩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። መስመራችሁ ዋናውን መንገድ የነካ ይመስላል፤ ስታቀርቡት ግን የጋራ ነጥብ የላቸውም። በካርታው መንገድ የሚመራው የስልክ መተግበሪያ የሚሄደው ከነጥብ ወደ ነጥብ ስለሆነ ለእሱ መንገዱ ዝግ ነው። በ2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አስቡት፦ 380 ሜትር ርዝመት፣ የእግረኛና የብስክሌት መስመር ያለው። የብስክሌቱን መስመር ለብቻው ስላችሁ አንዱን ጫፍ ሳታያይዙ ብትተዉት፣ መተግበሪያው ብስክሌተኛውን በዚያ መስመር አያሳልፈውም። ሁለቱንም ጫፍ አቅርባችሁ እዩ።

ያረማችሁት ወዲያው ስልካችሁ ላይ ካልታየ አትደንግጡ። እንደ ኦርጋኒክ ማፕስ ያሉ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ካርታዎች አዲስ ፋይል እስኪያወጡ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያው የቀዳችሁትን የጂፒኤክስ ፋይል (የሄዳችሁበት መስመር የተቀመጠበትን) ራሱን መንገዱን ለሚፈልጉ ሰዎች በቴሌግራም ላኩላቸው፤ መተግበሪያው ውስጥ ይከፈታል።